ዋስትናው ባለቀ በ59ኛው ቀን

ካሜራዋ የቆመችው ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቦታው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የእናቴ ቤት ደጃፍ። ሰፈሩ ሊፈርስ በመሆኑ የቤቱ ዕቃ ግማሹ አይሱዙ ላይ ተጭኗል፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ጣሪያውን አውርዶ ቆርቆሮውን በገመድ እያሰረ ነው። እኔ የሄድኩት ለአንድ ፎቶ ነበር። እናቴን 43 ዓመት ከገባችበትና ከወጣችበት በር ፊት አቁሜ ላነሳት ፈልጌ ነበር። በመጀመሪያ በሩን ብቻውን አንድ ጊዜ አነሳሁት። እናቴ «ቆይ እስቲ፣ እንዲህ ሆኜማ አልነሳም፤ ነጠላዬን ልልበስ» ብላ ገባች። ባትሪው እንዳያልቅ ካሜራዋን አጠፋኋት።

ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ መልሼ አበራሁ። ሌንሱ እንደ ወትሮው መውጣት ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። ከውስጥ «ቅርርር» የሚል ደረቅ ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰማ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ካሜራውን አጥፍተው መልሰው ያብሩ የሚል ጽሑፍ መጣ። አጠፋሁ፤ አበራሁ። ያው ድምፅ፣ ያው ጽሑፍ። ባትሪውን አውጥቼ፣ ጥቂት ጠብቄ፣ መልሼ ከተትኩት። ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ወጣ ቀረ፤ አይገባም፣ አይወጣም። እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ትጠብቀኛለች። በመጨረሻ በስልኬ አነሳኋት። ያ ፎቶ አለ፤ ስለሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የአምራቹንም ሆነ የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ለሚያጠራቅም ሰው ነው። ዛሬ ከገዛሁበት ዋጋ በእጅጉ ከፍ ያለ ብር ስለሚጠየቅባት፣ ያየሁትን ደጉንም ክፉውንም ሳላስቀር መናገር አለብኝ።

ሥራዬ የተሽከርካሪ ጉዳት ግምገማ ነው። መኪና ሲጋጭ ጋራዥ እሄዳለሁ፤ የተጎዳውን ፓራፋንጎ፣ የታጠፈውን ኮፈን፣ የተሰነጠቀውን ፓራውልት አንድ በአንድ አነሳለሁ፤ የሻንሲ ቁጥሩን አነሳለሁ፤ ሪፖርት እጽፋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ለዓመታት በስልክ ነበር የምሠራው። ችግሩ ጋራዦቻችን ጨለማ ናቸው፤ መኪናው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ከሥሩ ማንሳት ሲያስፈልግ የስልክ ፎቶ ነጥብ ነጥብ ይላል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ 3 እና 8 አይለዩም። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ሪፖርቴ ተመልሶብኛል። ከዚያ በኋላ ነው ካሜራ በራሴ ገንዘብ ለመግዛት የቆረጥኩት።

የገዛኋት ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው። ዋጋዋ 46,000 ብር ነበር። አዲስ፣ ካርቶኗ ያልተከፈተ፣ ጥቁር፣ ከነባትሪዋ 300 ግራም የምትመዝን፣ ኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ። ሴንሰሯ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚፈጥረው ክፍል፣ 1 ኢንች የሚባለው ነው። ይህ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በማስመሪያ ቢለካ 1 ኢንች የለውም። ትክክለኛ ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ ድሮ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ቱቦ ይለካበት ከነበረው አጠራር የተወረሰ ነው። ቢሆንም ስፋቱ በተለመዱት ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ከሚገኘው ሴንሰር አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊ ሴንሰር ማለት ብዙ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር ማለት ነው፤ ሌንሷም ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ነው። ጉድጓድ ላይ ከቆመ ሚኒባስ ሥር ገብቼ ያለ ፍላሽ አንስቼ፣ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሳጎላው የቡሎኑ ጥርስ ይቆጠር ነበር።

ስለ ምስሏ ጥራት የማወራው ከልቤ ነው። ጥምቀት ዋዜማ፣ ከተራ ዕለት፣ ታቦቱ ወደ ጃንሜዳ ሲሄድ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንስቼባታለሁ። የካህናቱ ጥላ ላይ ያለው የወርቅ ዘርፍ አንዱ ከአንዱ ሳይቀላቀል ክሩ ይታያል፤ የዲያቆናቱ ፊት አልጠቆረም፤ የነጠላው ነጭም አልነደደም። ስልክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው፤ ወይ ነጩን ያቃጥላል ወይ ፊቱን ያጠቁራል፤ አለዚያም ሁለቱንም አስተካክላለሁ ብሎ ቆዳውን ሰም የተቀባ ያስመስለዋል። ይህች ካሜራ የሰውን ፊት እንደ ፊት ትተወዋለች። ዙሟ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ብቻ ነው፤ ሩቅ ለማቅረብ ለሚፈልግ አትሆንም፤ ለኔ ግን በቂዬ ነበረች። ቻርጀሯ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የእኛ 220 አልከበዳትም። ባትሪዋ ደካማ ነው፤ ሙሉ የሥራ ቀን አያደርስም። ሁለተኛ ባትሪ ገዝቼ ነበር የምዞረው።

በ14 ወር ውስጥ ስንት ፎቶ እንዳነሳሁባት በትክክል አውቃለሁ። ካሜራዎች ፎቶውን ሲያስቀምጡ አራት አሃዝ ቁጥር ይሰጡታል፤ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። የእኔ አንድ ጊዜ ዞሯል፤ የመጨረሻው ፎቶ፣ ማለትም ያ ብቻውን የቆመው በር፣ ቁጥሩ 1386 ነው። ድምሩ 11,385 ይመጣል። አራት ፎቶ በተነሳ ቁጥር አንዴ ከፍቼ ብዘጋት እንኳ ሌንሱ ወደ 2,800 ጊዜ ወጥቶ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የሞቷ ምክንያት እዚያ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ መስታወቱ የሚያበራ፣ በር ላይ ፈገግ ብለው የሚቀበሉበት ሱቅ ነው። የሸጠልኝ ልጅ አሁንም እዚያው አለ፤ አወቀኝ፤ በአክብሮት ወንበር ሰጠኝ። ካሜራዋን ከነተገተረ ሌንሷ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ፊቱ ተለወጠ።

«ዋስትናዎ እኮ ጥር ላይ አልቋል» አለኝ፤ ደረሰኙን ገና ሳላወጣ።

«አውቃለሁ። ስትቆም 59 ቀን ነበር ያለፈው። ወድቃ አታውቅም፣ ውኃ አልነካትም። ቢያንስ ምን እንደሆነች እዩልኝ።»

ውስጥ ገብቶ ከሌላ ሰው ጋር ተነጋገረና ወጣ። «አቧራ ነው። ፒያሳ አካባቢ በዚህ ሰሞን እየዞሩ አንስተው ይሆናል። አቧራ ደግሞ በዋስትናውም ጊዜ ቢሆን አይሸፈንም። ሌንሱ በሙሉ ይቀየር ከተባለ 18,000 ብር ነው፤ ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ሁለት ወር ይጠብቃሉ፤ ከተቀየረ በኋላ ዋስትና አንሰጥም። እኔ ብሆን አዲስ ነው የምገዛው፣ እውነቴን ነው።»

ካሜራዋን ሳይከፍቱ፣ በማጉያ እንኳ ሳያዩ አቧራ ነው አሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እኔ በሥራዬ የማላየውን ጉዳት አልፈርምም። መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ሳይወልቅ «ሻንሲው ታጥፏል» ብዬ ብጽፍ እባረራለሁ፤ መባረርም ይገባኛል። እነሱ ግን በኩራት የሸጡልኝን ዕቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጥፋቱን ወደኔ አዙረው መለሱልኝ።

ቁጭ ብዬ የዋስትናውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ሁለት ወረቀት ነው ያለኝ። አንደኛው ከካርቶኑ ውስጥ የወጣው የአምራቹ ደብተር ነው፤ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ፣ ዋስትናው የሚሠራባቸው አገሮች የተዘረዘሩበት። ኢትዮጵያ ውስጡ የለችም። ሁለተኛው የሱቁ ማኅተም ያረፈበት ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፤ «የ1 ዓመት ዋስትና» ይላል። ስገዛ «ዋስትና አለው» ሲሉኝ አምራቹ ያለ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ የነበረው የሱቁ ቃል ብቻ ነው፤ ሱቁ ካሜራ የሚጠግን ባለሙያ እንደሌለውም ያወቅኩት በኋላ ነው። በዓመቱ ውስጥ ብትበላሽ ኖሮም የሚያደርጉት ነገር በአዲስ መቀየር ወይም ወደ ዱባይ መላክ ነበር።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ስለመሆኑም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ደንግጓል። ይህን ይዤ ተመልሼ ብሄድ ኖሮ ምን እንደሚሉኝ መገመት አያዳግተኝም፤ ክርክሩን ለመቀጠልም የዚያን ሰሞን አቅም አልነበረኝም፤ እናቴን ቤት እያስለወጥኩ ነበር። መረጃ የሚለውን ግን በቀላሉ አልለቀውም። ያ ልጅ በግዢው ዕለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ «ዋስትናው የእኛ የሱቁ ነው፣ የፋብሪካው አይደለም» ቢለኝ፣ ወይ ዋጋ አስቀንስ ነበር ወይ ሌላ ቦታ እጠይቅ ነበር።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልንገራችሁ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፤ ቀለም የለውም። ቦርሳ ውስጥ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከቆየ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። የእኔ ዋናው ደረሰኝ በዓመቱ ነጭ ሆኗል፤ ቀኑ እንኳ አይታይም። ያዳነኝ በገዛሁበት ሳምንት መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ አድርጌ ማስቀመጤ ነው።

ዋስትና ካለቀ ሁሉም ነገር አለቀ የሚለው አባባል የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ካሜራ ውስጥ ያለ ጉድለት ከሥሪቱ የመጣ ሲሆን አምራቾች ራሳቸው ይህን አምነው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተሸጡ በርካታ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ የነበረ፣ ሶኒ ለራሱም ለሌሎች አምራቾችም የሠራው ሲሲዲ የተባለ ሴንሰር ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ውስጣዊ ግንኙነቱ እየተቋረጠ ምስሉ ሐምራዊ ይሆን፣ ይዛባ ወይም ጭራሽ ይጠፋ ነበር። በ2005 የተለያዩ አምራቾች ተራ በተራ መግለጫ አውጥተው፣ የዋስትናው ዘመን ቢያልፍም እነዚያን ካሜራዎች በነፃ እንደሚጠግኑ አስታወቁ። የእኔዋ ካሜራ ከዚያ ትውልድ አይደለችም፤ ሴንሰሯም ሌላ ነው። ያን ታሪክ ያነሳሁት ሱቁ «ቀኑ አልፏል» ሲለኝ በልቤ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ቀን ያልፋል፤ ነገር ግን ዕቃው የቆመበት ምክንያት መታየት አለበት።

ምክንያቱን ያየልኝ ሰው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጥቆማውን የሰጠኝ ለመሥሪያ ቤታችን የሠርግና የስብሰባ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። ባለሙያው ስሙን እንዳልጽፍ አሳስቦኛል፤ «ሥራው ከሚበቃኝ በላይ ነው፤ ሰው ተሰልፎ ሲቆም እጄ ይቸኩላል» አለኝ። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራው፤ ዕድሜው ከ60 አልፏል። የሥራ ቦታው ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ ቢሆን ነው፤ ግድግዳው ላይ የፊልም ካሜራዎች ከነቆዳ ማቀፊያቸው ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ መብራት ወርዶበታል።

ካሜራዋን ተቀብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው ነገር ጆሮው ላይ አስጠግቶ ማብራት ነው። ድምፁን ሰማ። አጠፋ። «ጥርሱ ደህና ነው» አለ። የሌንሱ ጥርስ ቢሰበር ድምፁ እየዘለለ እንደሚሰማ፣ አሸዋ ቢገባ ደግሞ እንደ ወፍጮ እንደሚፈጭ አስረዳኝ። «ይህ ግን ሞተሩ ሥራውን ይሠራል፤ የት እንደደረሰ የሚነግረው አጥቶ ነው።» እኔ ገና ምንም አልገባኝም ነበር።

ሜሞሪ ካርዱንና ባትሪውን አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ከወገቧ ዙሪያ ትንንሽ ቡሎኖችን በቀጭን ካቻቢቴ እየፈታ፣ ወረቀት ላይ በሣላቸው ክቦች ውስጥ እያንዳንዱን በየቦታው አኖረ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ቦርዱን ይወጋል። ጀርባዋ ሲነሳ እጄን ላስጠጋ ስል «ወደ ኋላ ልጄ!» ብሎ ጮኸብኝ። ለፍላሹ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ባትሪ ከወጣ በኋላም እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለት ሽቦ ያላት አምፖል አስነክቶ ኃይሉን ሲያወጣው አምፖሏ ለቅጽበት በራች፤ ጠፋች። ቤታችሁ ውስጥ ቪዲዮ እያያችሁ ካሜራ ለመክፈት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሌንሱን ለብቻው አውጥቶ፣ ከሥሩ አንዲት ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የሳሳች፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ስፋት ያላት ነገር በወረንጦ ቀና አደረገ። ጠጋኞቹ ፍላት ይሏታል። በላስቲክ መሃል የታተሙ የመዳብ መስመሮች ናቸው፤ ከዋናው ቦርድ ወደ ሌንሱ ትእዛዝ ይወስዳሉ፤ ከሌንሱ ደግሞ መልስ ያመጣሉ። ሌንሱ ሲወጣ ፍላቷ ትዘረጋለች፤ ሲገባ ትታጠፋለች። ሁልጊዜም በአንድ ቦታ ላይ። ማጉያ መነጽሩን ሰጠኝና «እጥፋቱን እይው» አለኝ። አየሁ። ከመስመሮቹ መካከል ዳር ያለው አንዱ እጥፋቱ ላይ በፀጉር ስፋት ተሰንጥቋል፤ ቀጥሎ ያለውም ነጣ ብሏል። ፍላቷን ቀጥ ሲያደርጋት ስንጥቁ ይገጥማል፤ ሲያጥፋት ይለያያል።

«ይችኛዋ መስመር ሌንሱ የት እንደደረሰ የምትናገረው ናት» አለ። «ወሬው ሲቋረጥ ካሜራው ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚሆነው። ሞተሩ ይገፋል፣ የደረሰ አይመስለውም፣ ደግሞ ይገፋል፣ በመጨረሻ ይቆማል። ያ የሰማሽው ድምፅ እሱ ነው።»

«አቧራ ነው ብለውኛል ጋሼ።»

ሌንሱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አዟዟረው። ጥርሶቹ መሃል ደቃቅ አቧራ አለ፤ አልካደም፤ በብሩሽ ጠረገው። «ይህ አያቆማትም» አለ። «እንዲያውም በጥንቃቄ ነው የያዝሻት። የቆመችው ስለታጠፈች ነው፤ ታጠፊ ተብላ ነው የተሠራችው፤ የተሠራችበት ግን ለስንት ጊዜ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ አይጽፉትም።»

2,800 ጊዜ ያልኩትን እዚህ ላይ አስታውሱ። በቀን አንዴና ሁለቴ ለሚያነሳ ሰው ያ ቁጥር የብዙ ዓመት ነው፤ ዋስትናው አልቆ፣ ካሜራው አርጅቶ፣ ማንም ቅር ሳይለው ይቆማል። እንደኔ በሥራ ቀን ጋራዥ ለጋራዥ ለሚዞር ግን በዓመት ከጥቂት ወር ይደርሳል። ካሜራዋ በምስሏ የባለሙያ ዕቃ ናት፤ በፍላቷ የሽርሽር ዕቃ ናት። ለእኔ የዚህ ምርት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሲያስተዋውቋት ግን በባለሙያ ኪስ ውስጥ አድርገው ነው።

አዲስ ፍላት አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም፤ ብቻውን ለመለዋወጫ የሚሸጥበትም ቦታ እየጠፋ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረቡት ሌንሱ የማይፈታ ዲጂታል ካሜራ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2023 ሁለት ሚሊዮን አልሞላም። ስልክ ገበያውን ወሰደው። ካሜራው ካልተሠራ መለዋወጫውም አይሠራም። ጋሼ የሚጠግነው ከሞቱት ላይ እየወሰደ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ውኃ የገባባቸው፣ ስክሪናቸው የደቀቀ፣ ባለቤታቸው ተስፋ ቆርጦ የተዋቸው ካሜራዎች በሞዴላቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። የእኔዋ እህት የምትሆን አንዲት ነበረች፤ ላንጋኖ ውኃ ውስጥ የወደቀች፤ ቦርዷ ዝጓል፣ ሌንሷ ግን ብዙም አልተከፈተም ነበር።

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። 4,500 ብር ከፈልኩ፤ ከሱቁ 18,000 ጋር አነጻጽሩት። የሦስት ወር ዋስትና በእጁ ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። የተሰነጠቀችውን ፍላት በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጎ «ያንቺ ናት» ብሎ ጨመረልኝ። ስለ አገልግሎቱ ቅሬታ አለሽ ወይ ብትሉኝ አንድ ነው፤ ስልክ አያነሳም፤ ደረሰች ወይ ብዬ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከዚያ ውጪ ለሥራው ያለው ክብር፣ ያልፈታውን ነገር አለመናገሩ፣ ያየውን እኔም እንዳየው ማጉያውን ማቀበሉ፣ እንዲህ ያለ ጥገና በዚህ ከተማ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ካሜራዋን ግዙ ወይስ አትግዙ ለምትሉኝ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል፤ እኔ በ46,000 የገዛኋትን ዛሬ በዚያ ዋጋ የሚሸጥላችሁ የለም። በዓል፣ ቤተሰብ፣ ጉዞ ለማንሳት ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለ፣ ምስሏ አያሳፍራችሁም፤ ግዟት። በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ ለምትከፍቱና ለምትዘጉ ግን አልመክርም፤ ሌንሱ የማይንቀሳቀስ ካሜራ፣ ወይም ሌንሱ በእጅ የሚፈታ፣ ቢከብድም ያዋጣችኋል። ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ «ዋስትናው የማን ነው? ብትበላሽ የሚከፍታት ማን ነው? የት ነው የሚቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ወረቀት ላይ አጽፉ። ያገለገለች የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሃያ ጊዜ አብሩና አጥፉ፤ ሻጩ ቢሰለቸውም ግድ የለም፤ ሌንሱ አንድ ጊዜ እንኳ ካመነታ ተመለሱ። እኔ አሁን በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራዬን እስክጨርስ አላጠፋትም፤ ባትሪ ይበላል፣ ሁለተኛው ባትሪ ለዚያ ነው። ካቆመችም ሌንሱን በእጃችሁ አትግፉ፣ ጠረጴዛም ላይ አትምቷት፤ ካርዷን አውጡና ወደሚያውቅ ሰው ውሰዷት።

ካሜራዋ ተጠግና እጄ ስትገባ የእናቴ ቤት አልነበረም። እሷ ገላን ጉራ ገብታለች። ዕቃዋን ካስተካከለች በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች አሳትሜ ወሰድኩላት፤ በስልክ የተነሳውን፣ እሷ ነጠላ አጣፍታ የቆመችበትን፣ እና የመጨረሻውን የካሜራዋን ፎቶ፣ ቁጥር 1386፣ እሷ የሌለችበትን በር። በስልኩ ፎቶ ላይ ፊቷ አለ፤ በሩ ግን ሰማያዊ ግድግዳ ብቻ ነው። መነጽሯን አድርጋ ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ አየችው። በእንጨቱ ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ አለ፤ ከሥሩ አባቴ የቀባው አረንጓዴ ይታያል። ከመቀርቀሪያው በታች እኛ ልጆች ሳለን በምስማር የጫርናቸው አራት መስመሮች አሉ፤ የቁመታችን ልክ፣ አንዱ ከአንዱ ከፍ እያለ። ጣቷን ከታች ባለው መስመር ላይ አሳረፈችና «ይችኛዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ።